የኅዳር ልጅ

ካናዳ፣ ኤድመንተን ከገባን አሥራ ስድስት ዓመት ሆነን። ልጄ የተወለደው እዚሁ ነው፤ በኅዳር ብርድ። እኛ የምንሸሸውን በረዶ እሱ ወደደው፤ በ6 ዓመቱ የመንሸራተቻ ጫማ አስገዛን። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት የእኔ ቦታ፣ ቡናዬን በፔርሙዝ ይዤ፣ የሆኪ ሜዳ ዳር ነው።

አምና፣ 13 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ለጠንካራው ቡድን ተፈተነና ስሙ ሳይወጣ ቀረ። «ገና ትንሽ ነው» አሉን። መኪና ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔም ያጽናናሁት መስሎኝ፣ «ተወው ልጄ፣ ይሄ ላንተ አልተጻፈም» አልኩት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

በሳምንቱ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ዓይናቸውን ከልጄ ላይ አላነሱም። ለብዙ ዓመታት ተጫዋች መልማይ ነበሩ። «መቼ ነው የተወለደው?» አሉኝ። ነገርኳቸው፤ ሣቁ።

እዚህ አገር ልጆች በቡድን የሚከፈሉት በፈረንጆቹ ጥር 1 ቀን ነው። ስለዚህ በጥር የተወለደውና የእኔው የኅዳር ልጅ እኩያ ተብለው ይጋጠማሉ። በዚህ ዕድሜ የአሥር ወር ልዩነት የቁመትም የጉልበትም ልዩነት ነው። ተመራማሪዎች ይህን ያስተዋሉት በ1980ዎቹ ነው፤ በምርጥ ወጣት ቡድኖች ውስጥ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱት በዝተው ተገኙ። አሠልጣኙ ችሎታ የመረጠ ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ የመረጠው ግን ቀድሞ የተወለደውን ነው።

የሚገርመው፣ የታላቁ ሊግ የኤንኤችኤል ድራፍት ዓመቱን የሚቆርጠው በሌላ ቀን ነው። እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ 18 ዓመት ያልሞላው ለቀጣዩ ዓመት ይቆያል። ይህ ቀን በእኛ መስከረም 5 አካባቢ ነው። በልጅነቱ ከሁሉ ታናሽ የነበረው የኅዳር ልጅ፣ ድራፍቱ ላይ ከታላላቆቹ አንዱ ይሆናል።

ቢሆንም መልማዮችም ይሳሳታሉ። በ1993 አንደኛ የተመረጠው አሌክሳንደር ዴይግል የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። በ1998 በ171ኛ ደረጃ የተመረጠው ፓቬል ዳትሱክ ግን ከዲትሮይት ጋር ስታንሊ ካፕን ሁለት ጊዜ አነሣ። ቁመቱ አጭር የነበረውን ማርቲን ሴንት ሉዊን ጭራሽ የመረጠው አልነበረም፤ በ2004 የሊጉ ኮከብ ተባለ።

«ታዲያ እርስዎ ምን ያያሉ?» አልኳቸው።

«ጎል አልቆጥርም» አሉኝ። «ፓኳ ሳትደርሰው በፊት ቀና ብሎ ዙሪያውን ያያል? ሲነጠቅ ዳኛውን ያያል ወይስ ሮጦ ይመለሳል? ተቀይሮ ሲወጣ ከጓደኞቹ ጋር እንዴት ነው? ቁመት ይመጣል፤ እነዚህን ግን አሁን ነው የማያቸው።»

የዚያን ቀን ልጄን በእሳቸው ዓይን አየሁት። ፓኳን ሁለት ጊዜ ተነጠቀ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተከትሎ ተመለሰ። ስንት ዓመት ሜዳ ዳር ስቀመጥ ይህን አላስተዋልኩም ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ «የዚያን ቀን ያልኩህ ልክ አልነበረም፤ ይቅርታ» አልኩት። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ «ምንም አይደለም እማዬ» አለኝ።

ዘንድሮም ሊፈተን ነው። ስሙ ይውጣ አይውጣ አላውቅም። እኔ ግን ከጨዋታ በኋላ «ስንት አገባህ?» ማለቴን ትቻለሁ። አሁን የምጠይቀው፣ «ስትነጠቅ ምን አደረግህ?» ብዬ ነው። ቤት እስክንደርስ ያወራኛል።