ሽንኩርቷን ተሸክማ የመጣች ዳክዬ

እስቲ ልጠይቃችሁ። በበዓል ዋዜማ አንዲት ዶሮ ሽንኩርቷን ታቅፋ፣ በርበሬዋን በላስቲክ ቋጥራ በራችሁን ብታንኳኳ ምን ትላላችሁ? “ግቢ እንጂ የኔ እመቤት!” ነዋ! ገበያ መውጣት የለ፣ ዋጋ መከራከር የለ... ቢላዋ ማንሳት ብቻ።

ጃፓኖች ይህንን ነገር በዳክዬ ነው የሚያወሩት። ዳክዬን ከባሮ ሽንኩርት ጋር መቀቀል የታወቀ ምግባቸው ነው። እናላችሁ፣ አንድ ነገር በራሱ ጊዜ ተመቻችቶ ሲመጣላቸው “ዳክዬዋ ሽንኩርቷን ተሸክማ መጣች” ይላሉ። አባባሉ ግን ሌላም ጉድ አለበት። በቀላሉ የሚታለለውን፣ እኛ በአፋችን “የዋህ” በልባችን “ጅል” የምንለውን ሰው “ካሞኔጊ” ይሉታል። ካሞ ዳክዬ፣ ኔጊ ሽንኩርት ማለት ነው።

ፖኬሞን የተባለውን ጌም የፈጠሩት ሰዎች ይህንኑ ቃል አንስተው ወፍ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1996 ለጌም ቦይ በወጣው የመጀመሪያው ጨዋታ ውስጥ ካሉት 151 ፍጡራን 83ኛዋ ናት። ቡናማ ላባ፣ ቢጫ ምንቃር፣ ግንባሯ ላይ የተቆጣ ቅንድብ የመሰለ ጥቁር ምልክት... ቁመቷ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 15 ኪሎ። በክንፏ ሽንኩርቷን እንደ ጎራዴ ጨብጣለች። እንግሊዝኛው “ፋርፌችድ” ብሎ ሰየማት፤ “የማይመስል ነገር” እንደማለት ነው። ታዲያ በትርጉም ቀልዱ ጠፋና “ወፍ ሽንኩርት ይዛ ምን ትሠራለች?” ተባለ። የዶሮ ወጥ አገር ልጆች ግን ማንም ሳያስረዳን ይገባናል ባይ ነኝ።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ያለ ነገር አይደለም። ጌም የሚያዘወትሩ የሰፈራችን ልጆች አንዲት ጓደኛዬን “ካሞኔጊ” ብለው ስም አውጥተውላታል። ማኪያቶ ስንጠጣ ቀድማ ሂሳብ የምትከፍለው እሷ፣ ሰው ሲታመም ምሳ ቋጥራ የምትሮጠው እሷ፣ ያበደረችውን ለመጠየቅ የምታፍረው እሷ። ልጆቹ “ካሚ” እያሉ ሲያቆላምጧት ትስቃለች። ትርጉሙን ያወቀችው በቅርቡ ነው።

ወደ ወፏ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ የገቡትን “ሬድ”ና “ብሉ” የተጫወተ ያውቀዋል፤ ሣር ለሣር ብትንከራተቱ ይህችን ዳክዬ አታገኟትም። ዱር ውስጥ የለችማ! ቨርሚሊየን በምትባለው የወደብ ከተማ አንድ ቤት ትገባላችሁ፤ እዚያ “ስፒሮው ካለህ በዳክዬዬ እንለዋወጥ” ትባላላችሁ። ስፒሮው በየመንገዱ የሚገኝ ተራ ወፍ ነው፤ እንደኛ ድንቢጥ በሉት። በቃ፣ በአንድ ድንቢጥ! ያውም አንድ ጊዜ ብቻ። ስሟም ቀድሞ ወጥቶላታል፤ “ዳክስ” ነው። በልውውጥ የመጣ ፍጡር ስሙ አይቀየርም፤ ብትወዱም ብትጠሉም ዳክስ ናት።

እሺ፣ አገኛችኋት። ከዚያስ? ዛፍ መቁረጥም ሰው ተሸክማ መብረርም ትማራለች። ስለዚህ ብዙው ተጫዋች ለውጊያ አያሰልፋትም። መንገድ የዘጋውን ቁጥቋጦ ትቆርጣለች፣ ጌታዋን ከከተማ ከተማ ታደርሳለች፣ ሥራዋ ሲያልቅ ወደ ሳጥን! እ.ኤ.አ. በ1999 በጃፓን በወጡት “ጎልድ”ና “ሲልቨር” ላይ ደግሞ የከሰል አክሳይ ሎሌ ሆናለች። ጫካ ውስጥ ትጠፋለች፤ ተጫዋቹ ከኋላዋ እየተከተለ ወደ ሥራዋ ይመልሳታል። “ኧረ ተዋት፣ ትጥፋ!” የሚል ምርጫ የለም።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው “ፖኬሞን ጎ” የሆነው ነው። ያኔ የምትያዘው እንደ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያና ታይዋን ባሉ የእስያ አገሮች ብቻ ነበር። ሌላው ዓለም ያለው ተጫዋች እዚያ ደርሶ የሚመለስ ወዳጅ መፈለግ ነበረበት፤ ልውውጡ ራሱ የተፈቀደው በ2018 ነው። በድንቢጥ ትለወጥ የነበረችው ወፍ አውሮፕላን የምታሳፍር ሆነች! ሽንኩርቷ ያው፣ ቅንድቧ ያው። የተለወጠው እንደልብ አለመገኘቷ ብቻ ነው።

ጓደኛዬ እንደልብ ትገኛለች። በእኩለ ሌሊት ብትደውሉ ታነሳለች። ፍቅረኛዋም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል መሰለኝ፤ ከሦስት ሳምንት በፊት “ለብድር ዋስ ሁኚኝ” አላት። የሚበደረው ለንግድ ነው አለ። ምን ንግድ? “ታዪዋለሽ” ነው መልሱ። ደመወዟ የእናቷንና የታናሽ ወንድሟን ቤት ኪራይ ይከፍላል። እሱ ካልከፈለ ከማን ይቆረጣል? ከሷ ነዋ!

አንዳንዱ ዘመዷ “ደግነትሽን ተዪው፣ ክፉ ሁኚ” ይላታል። ይህ ምክር አይዋጥልኝም። የጨዋታው መዝገብ ስለ ወፏ ሲያትት፣ ያለ ሽንኩርቷ መኖር እንደማትችል፣ ሊነጥቃት የመጣን በነፍሷ ተወራርዳ እንደምትከላከል ይናገራል። ጎጆዋንም የምትሠራው በሱ ነው። ይህችን ወፍ “ጣዪው” ማለት ምን ማለት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2019 “ሶርድ” የተባለው እትም ሲወጣ የዚሁ ወፍ ዘር ሌላ አገር ውስጥ ታየ። እዚያ ሽንኩርቱ ወፍራምና ረጅም ነው፤ ወፏም እሱን መሸከም ለምዳ ተዋጊ ሆናለች። በአንድ ውጊያ ላይ ሦስት ጊዜ ወሳኝ ምት ካሳረፈች ትለወጥና ላባዋ ይነጣል፣ ግንዱ ጦር፣ ቅጠሉ ጋሻ ይሆናል። ስሟም “ሰርፌችድ”፤ እንደ ፈረንጅ ባላባት “ሰር” ተባለች! ከ23 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ልብ በሉ፣ ሽንኩርቱን አልጣለችውም። የምትይዝበትን ነው የቀየረችው።

ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ይህን ሁሉ ነገርኳት። በሳቅ ሞተች። “አንቺ ደሞ ከጌም ውጪ ምክር የለሽም?” አለችኝ። ከዚያ ስኒዋን አስቀምጣ፣

“ያቺ የፊተኛዋስ? በድንቢጥ የተለወጠችዋ?”

“እሷማ እስከ ዛሬም አትለወጥም። እዚያው ዳክስ ናት” አልኳት።

ዝም አለች። ሂሳቡን ግን እሷው ከፈለች። የዋስትናው ፎርም ሳይፈረም ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ልጁ ማክሰኞ መጥቶ ይወስደዋል።