ቍጥር የሆነ ሰው ማስታወሻ

ሩስያዊው የመርከብ መሐንዲስ ዬቭጌኒ ዛምያቲን «እኛ» የተባለውን ልብ ወለድ የጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1920 እና በ1921 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ በ1924 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በእንግሊዝኛ ሲታተም፣ በደራሲው አገር እስከ 1988 ዓ.ም. ድረስ ሳይታተም ቈየ።

በዚያ ታሪክ ውስጥ ሰው ስም የለውም፤ መጠሪያው ፊደልና ቍጥር ነው። ቤቱ በመስተዋት የታነጸ ስለ ሆነ መጋረጃ ለማውረድ ፈቃድ ያሻዋል። አንዱን ጕርሻ እንኳ 50 ጊዜ ማላመጥ ሕግ ነው። (በአንድ ገበታ ተጐራርሰን ለምንበላ ለእኛ፣ ይህ ሕግ ሳያስቅ አይቀርም።)

እኔን ግን ከመስተዋቱ ቤት ይልቅ ያሳሰበኝ የባለታሪኩ የዲ-503 ማስታወሻ ነው። መንግሥቱ ወደ ሌሎች ዓለማት ከሚልካት የጠፈር መርከብ ጋር የሚላክ ውዳሴ ሁሉም እንዲጽፍ ባዘዘ ጊዜ፣ እርሱም በቅን ልብ ብዕሩን አነሣ። ሊጽፍ ያሰበው ስለ «እኛ» ነበር፤ ዳሩ ግን ያየውንና የተሰማውን በመዘገበ ቍጥር ከገጹ ላይ «እኔ» የሚባል ያልተጠራ እንግዳ ብቅ ይል ዠመር። ሴት ወደደ፤ ሕልም አየ። ሐኪሙም መርምሮ ነፍስ እንደ በቀለችበት ነገረው፤ ይህም በዚያ አገር ደዌ ነው።

ስለዚህ ማስታወሻውን ማቃጠል አላስፈለጋቸውም፤ ምናቡን በጨረር ከአንጐሉ አቃጠሉለት እንጂ። ከዚያ በኋላ የወደዳት ሴት ስትሠቃይ ከገዢው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ ተመለከተ፤ ያየውንም ሳይናወጥ ጻፈ። የእጁ ጽሕፈት ያው የቀድሞው ነበር።