ዞናዮች ከየት መጡ? ጉዞ ወደ ሃይሩል ፍርስራሾች

ዛሬ የምንሄድበት አገር ቪዛ አይጠይቅም፤ ቲኬትም አያስቆርጥም። ስሙ ሃይሩል ይባላል። በዓለም ካርታ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ «ዜልዳ» በተሰኙት ጌሞቹ ውስጥ ሲገነባው፣ ሲያፈርሰውና እንደገና ሲገነባው የኖረ አገር ነው። (ሰፈራችሁ ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ገብታችሁ «ዜልዳን ክፈትልኝ» እንዳትሉ! በፕሌይስቴሽን አይሠራም፤ የኒንቴንዶ የራሱ ማጫወቻ ያስፈልጋል።)

ስለ ተራራው፣ ስለ ፈረስ ግልቢያው፣ ስለ ሰይፍ ፍልሚያው ብዙ ተወርቷል። እኛን የወሰደን ሌላ ጉዳይ ነው። በዚህ አገር ብዙ ነገዶች ይኖራሉ፤ የጌሙ አፍቃሪዎች ደግሞ የነዚህን ነገዶች የዘር ሐረግ ሲቆጥሩ ያድራሉ። የኛ ሽማግሌዎች ጋብቻ ሲመጣ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። እነዚህ ግን አሥር ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ሄደው ነው «ይሄ የዚያ ዘር ነው፣ ያኛው ደግሞ ከዚህኛው የተገነጠለ ነው» የሚባባሉት። አጃኢብ ነው መቼም!

በደቡብ ካለው ከፋሮን ጫካ እንጀምር። ዝናብና መብረቅ የማይጠፋበት፣ ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» ወደዚህ ጫካ ስትገቡ ድንጋዩ ተጠርቦ ታገኙታላችሁ። አንዱ ላይ ዘንዶ፣ ሌላው ላይ ጉጉት፣ ሌላው ላይ ከርከሮ፤ በየመሀሉ ደግሞ እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል የተጠቀለለ መስመር። ድራኮዙ ከሚባለው ሐይቅ ጫፍ ስትደርሱ ከድንጋይ የተሠራ ግዙፍ የዘንዶ ራስ አፉን ከፍቶ ይጠብቃችኋል። «የድፍረት ምንጭ» የሚባለው ውሃ ያለው እዚያ አፍ ውስጥ ነው። ጠበል ቦታ የገባችሁ ነው የሚመስላችሁ፤ ድምፃችሁን ዝቅ ታደርጋላችሁ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ሠራው? ካርታው «የዞናይ ፍርስራሽ» ይላል። አለቀ! የሚተርክ ሽማግሌ የለም፤ የሚነበብ ጽሑፍ የለም። በአገሪቱ ሦስት ዳር ላይ መውጫቸው የሚያደናግር ሦስት ግዙፍ ግንቦች አሉ። እነሱን የፈታ ሰው የጥንት ጦረኛ ልብስ ያገኛል፤ የልብሱ መግለጫ ደግሞ በፋሮን ይኖር የነበረ የአንድ ጦረኛ ነገድ ልብስ እንደነበረ ይናገራል። የነገዱን ስም ግን አይጠራም። አፍቃሪዎቹ ታዲያ ልብሱን ከግንቡ፣ ግንቡን ከፋሮን ድንጋይ ጋር አገናኝተው «ግንቦቹንም የሠሩት ዞናዮች ናቸው» አሉ። እዚህ ላይ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ማንም ሳይነግራቸው፣ ድንጋይና ጨርቅ አይተው ነው እዚህ የደረሱት።

በኋላ ስለ ጌሙ አሠራር የሚያብራራ መጽሐፍ ወጣና ትንሽ ጨመረላቸው። ዞናዮች ብርቱ አስማተኞች ነበሩ፤ በድንገትም ጠፉ። ዘንዶው ድፍረትን፣ ጉጉቱ ጥበብን፣ ከርከሮው ኃይልን ይወክላል። ስማቸውም «ናዞ» ከሚለው የጃፓንኛ ቃል የተቀለበሰ ነው፤ ናዞ ማለት ምስጢር፣ እንቆቅልሽ ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት! ለእንቆቅልሽ ሱሰኞች «እንቆቅልሽ» የሚባል ነገድ ሰጥቶ ዝም ማለት ለተራበ ሰው የክትፎ ሽታ ከመልቀቅ ምን ይለያል?

መላምቱ እንደ ጎርፍ ወረደ። ከሁሉ የገነነው ዞናዮችን ከትዋይሊዎች ጋር ያዛመደው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው «ትዋይላይት ፕሪንሰስ» የተቀደሰውን ግዛት በአስማት ሊነጥቁ የተነሱ ሰዎች ነበሩ፤ ተሸንፈው ወደ ጨለማው ዓለም ተጋዙ፤ ዘራቸው ትዋይሊ ተባለ። «ብርቱ አስማተኞች፣ በድንገት የጠፉ... ከነሱ ሌላ ማን ሊሆን?» አሉ አፍቃሪዎቹ። የጥቅልል መስመሩንም ማስረጃ አደረጉት። እውነቱን ለመናገር መላምቱ ያምራል። ችግሩ ጠፉ የተባለ ሕዝብ ሁሉ አንድ ቦታ ሄዶ መገኘት አለበት ብሎ መነሳቱ ነው። ጥቅልል መስመርስ ቢሆን የትኛው ሸክላ ሠሪ ነው የማይስለው?

መልሱ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 «ቲርስ ኦፍ ዘ ኪንግደም» ሲወጣ መጣ። ዞናዮች ከሰማይ የወረዱ ሆነው ተገኙ! ሰውነታቸው ጠጉር የለበሰ፣ ጆሯቸው ረጅም፣ ግንባራቸው ላይ ሦስተኛ ዓይን ያላቸው። ከነሱ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ወንድምና እህት። ወንድምየው የአገሪቱን ሴት አግብቶ የሃይሩልን መንግሥት መሠረተ ይላል ታሪኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ትዋይሊ ነው፣ አይደለም ሲባል የነበረው እንዲህ ሆኖ አረፈው።

ታዲያ ነገሩ በዚህ የበረደ መሰላችሁ? እንዴት ተደርጎ! «ጦረኛ የተባሉት የፋሮን ሰዎች የት ገቡ? እነዚህኞቹ እኮ ረጋ ያሉ፣ ማሽን የሚሠሩ ጠቢባን ናቸው» የሚል ጥያቄ ተነሳ። የፋሮንን ድንጋይ የጠረቡት ዞናዮች ራሳቸው ሳይሆኑ እነሱን እንደ አምላክ ያመለኩ የምድር ሰዎች ናቸው የሚል አዲስ መላምትም መጣ። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ። ያንን የዘንዶ አፍ ያየ ሰው ሥራው የአምላኩ ሳይሆን የአምላኪው መሆኑን ልቡ ይነግረዋል።

ከፋሮን ተነስተን ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በአንድ ረጅም የድንጋይ ዓምድ ዙሪያ ወደተንጠለጠለችው የሪቶዎች መንደር እንብረር። ሪቶዎች ወፍ ናቸው፤ እንደ ሰው የሚናገሩ ንስሮች በሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 በጃፓን በወጣው «ዊንድ ዌከር» ሃይሩል በባሕር ተውጣለች፤ አንዲት የሪቶ ልጅም የአንዲት የዞራ ጠቢብ ዘር ሆና ትገኛለች፤ በገናዋ ሳይቀር ያው ነው። ዞራዎች ደግሞ የውሃ ሰዎች ናቸው። ዓሣው ወፍ ሆነ ማለት ነው! ነገር ግን በ2017ቱ ጌም ሪቶና ዞራ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ በ2023ቱ ደግሞ መንግሥቱ ሲመሠረት በነበረው ጥንታዊ ጦርነት አብረው ይሰለፋሉ። የልጅ ልጅ ከቅድመ አያቱ ጋር እኩል ዘመተ? ይህን ለማስታረቅ ነው ብዙዎች «ሃይሩል አንዴ ጠፍታ ዳግም የተመሠረተች ናት» የሚሉት። ለኔ ቀላሉ ይሻላል፤ ስም እንጂ ሕዝብ አንድ አይደለም። የዊንድ ዌከሮቹ ሪቶዎች መንቁር ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ክንፍ የሚያወጡትም ከዘንዶ ቅርፊት ሲቀበሉ ነው። የአሁኖቹ ከላይ እስከ ታች ወፍ ናቸው።

የመጨረሻው ማረፊያችን በረሃው ነው፤ የጌሩዶዎች አገር። ሴቶች ብቻ ናቸው። በመቶ ዓመት አንድ ወንድ ይወለዳል፤ እሱም ይነግሣል። እ.ኤ.አ. በ1998ቱ «ኦካሪና ኦፍ ታይም» ጆሯቸው ክብ ነበር፤ በ2017 ሾሎ መጣ። አፍቃሪዎቹ ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ባል ፍለጋ ወደ ውጭ ሲወጡ ከሾለ ጆሮዎቹ ሃይሊያኖች ጋር ተጋብተው፣ ተዋልደው ነው አሉ። እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነው።

ጨዋታው የሚያበቃው «ጌሩዶዎች የመጡት ከየት ነው?» ሲባል ነው። የነሱ መነሻ ሃይሩል ውስጥ አይደለም። በ1998ቱ ጌም በረሃ ላይ ሰፍረው፣ ሌቦች ተብለው፣ ምልክታቸው ጨረቃና ኮከብ ነበር፤ ቁርጥ የእስልምናውን ምልክት። በዚያው ጌም የእሳት ቤተ መቅደስ ውስጥም የእስልምና ጸሎት ዜማ ይሰማ ነበር። ጠዋት ጠዋት አዛን እየሰማ ላደገ የከተማ ልጅ፣ ሙስሊም ለሆነው ደግሞ በተለይ፣ ይህ ሌላ ስሜት አለው። ስለ ዞናይ ያሻችሁን ገምቱ፤ የሚቀየም ዞናይ የለም። ጌሩዶ ጋ ስትደርሱ ግን ስለ ዘራቸው የምትሉት ቃል የእውነት ሰው ጆሮ ውስጥ ሊገባ ይችላል። «ሌብነት በደማቸው ነው» የሚል መላምት አንብቤ ዘግቼው ወጥቻለሁ።

አሁን ለመሄድ ያሰባችሁ ከ2017ቱ ጀምሩ፤ የ2023ቱን ቀድማችሁ ከከፈታችሁት የፋሮን ድንጋይ ምንም አይጠይቃችሁም። በጌሩዶ ከተማ በር ላይ ወንድ አይገባም፤ የጌሙ ጀግና የሚገባው የሴት ልብስ ለብሶ ነው። ውስጡ የሌባ ዋሻ ሳይሆን የገበያ ከተማ ነው፤ ሐብሐብ ይሸጣል፤ ስለ ወንዶች ጠባይ ትምህርት የሚሰጥበት ክፍልም አለ። ኩባንያው ዜማውን በኋላ በታተሙት ካርትሪጆች ላይ ቀየረው፤ ጨረቃዋንም ከዚያ በኋላ በወጡት እትሞች በሌላ ምልክት ተካት። የ1998ቱን የመጀመሪያ ካርትሪጅ ያስቀመጠ ሰው ግን ዛሬም ቢከፍተው ከነጨረቃዋ፣ ከነዜማው ያገኘዋል።