ወጥ ሠሪዋን ማን ያስታውሳቸዋል?



ከኒካሕ ወይም ከሰደቃ ስትመለሱ በቤት የቀሩት ምን ይጠይቋችኋል? ስለ ሙሽሮቹ፣ ስለ ጠሪው፣ ስለ እንግዳው ብዛት ነው። ምግቡ ከጣመ «ጥሩ ነበር» ተብሎ ይታለፋል። ከሌሊት ጀምረው ጭስ ውስጥ የዋሉትን ወጥ ሠሪ ግን ማን ያነሳቸዋል?

በዚህ ረገድ ከሶሓቦች የምንማረው አለ። ሰህል ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ) ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አኼራ ሲሄዱ የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ። ዕድሜያቸው ረዝሞ ለተከታዩ ትውልድ ካወሩት መካከል የአንዲት አሮጊት ታሪክ ይገኛል። እኒህ እናት በማሳቸው የውሃ ቦይ ዳር ቆስጣ ይተክሉ ነበር። ጁሙዓ ሲደርስ ሥሩን ነቅለው ድስት ውስጥ ይከቱታል፤ እፍኝ ገብስ ፈጭተው ይጨምሩበታል። ስብ የለው፣ ሥጋ የለው፤ የቆስጣው ሥር በሥጋው ፈንታ ነው። ሶሓቦች ከሶላት ሲመለሱ ጎራ ብለው ሰላም ይሏቸዋል፤ እርሳቸውም ያቀርቡላቸዋል። ሰህል እንደተናገሩት ለዚያ ምግብ ሲሉ ጁሙዓን ይናፍቁ ነበር።

በ256 ዓመተ ሂጅራ ያለፉት ኢማም አል-ቡኻሪ ይህን በሶሒሓቸው በጁሙዓ፣ በእርሻ፣ በምግብና በሰላምታ ክፍሎች መዝግበውታል። የሴትዮዋ ስም በዘገባው አልተጠቀሰም። ድስታቸው ግን እስከ ዛሬ ይወሳል።

ይህን ሐዲስ ባነበብኩ ቁጥር ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ዱርቤቴ የማውቃቸው አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። ሠርግም ሆነ ዐቂቃ፣ ሐዘንም ሆነ ሰደቃ፣ ሳይጠሩ ይደርሱ ነበር። ለጾመኛ ክርስቲያን ጎረቤት ሽሮውን በሌላ ድስት፣ በሌላ ማማሰያ ለይተው ይሠራሉ። በረመዷን የወጡን ጨው ሳይቀምሱ፣ በሽታው ብቻ ይለዩታል። ሰው ሁሉ በልቶ ከተነሳ በኋላ በድስቱ ቂጥ የቀረውን በእንጀራ ጠርገው «አልሐምዱ ሊላህ» ይላሉ። እርሳቸው የሞቱ ዕለት ለሐዘንተኛው ምግብ የሚሠራው ማን እንደሆነ ጠፋ። የሠፈሩ ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። ምን ያህል እንደደገፉን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

አንባቢ ሆይ! ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አገልጋይ ምግብ ሲያቀርብ አብሮ እንዲቀመጥ፣ ካልሆነም አንድ ሁለት ጉርሻ እንዲሰጠው አዘዋል፤ የእሳቱን ሙቀትና ድካሙን የቻለው እርሱ ነውና። እርሳቸው ራሳቸው ምግብን ነቅፈው አያውቁም፤ ከወደዱት ይበላሉ፣ ካልወደዱት ይተዉታል።

እንግዲህ በሚቀጥለው ድግስ የወጥ ሠሪዋን ድርሻ አስቀድማችሁ አንሱ። አዛን ሲሰማ አንዳችሁ ማማሰያውን ተቀበሏቸውና ይስገዱ። በክፍያ ከሆነ የመጡት ሒሳባቸው ሳያመሹ ይሰጣቸው። ዱዓ ሲደረግ የጠሪው ስም ብቻ ሳይሆን የእርሳቸውም ስም ይነሳ። በየቤታችሁ ዕለት ዕለት ለምታበስለው እናትና እኅትም እንዲሁ አድርጉ። ከሞቱ በኋላ ከሚለቀስላቸው በሕይወት ሳሉ «አላህ ይስጥልን» መባሉ ይሻላል።

ለአላህ ብለው ያበሉንን ሁሉ አላህ ከጀነት ምግብ ያብላቸው፤ ያለፉትንም በእዝነቱ ይቀበላቸው። አሚን!