ካርቦን ሳይክል ለጾሬ መንገድ ያዋጣል?

አሶሳ ከተማ የሚኖር አንድ ወጣት የጤና ባለሙያ አለ እንበል። የሚሠራው ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን የመጡ ስደተኞች በተጠለሉበት ጾሬ ነው። ነዳጅ በጠፋ ቁጥር መንገድ ዳር መቆም ሰልችቶታል። ዲሲ ያለው ታላቅ ወንድሙ «ለገና ስመጣ ካርቦን ግራቭል ሳይክል ላምጣልህ፤ ርካሽ አግኝቻለሁ፣ ግማሹን አንተ ቻል» ብሎታል።

ልጁ ምን ይበል?

መጀመሪያ «ርካሽ» የሚለውን ቃል እንመልከት። በውጭ ገበያ ርካሽ የሚባለው ካርቦን ግራቭል ከ1,500 እስከ 2,500 ዶላር ያወጣል። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ100 ብር አልፏል። የ2,000 ዶላር ሳይክል ከ200,000 ብር በላይ ነው ማለት ነው። ግማሹ ብቻ ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ የብዙ ወር ደመወዝ ነው።

ለሳይክሉም ፍርድ አይጓደልበት። ግራቭል የተሠራው ለጠጠርና ለአፈር መንገድ ነው። ጎማው ሰፊ ነው፤ 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ። አየሩ ቀነስ ተደርጎ ስለሚነዳ የመንገዱን ጉርብጥብጥ ይውጣል። ማርሹ ለዳገት የተመቸ ነው፤ የዲስክ ፍሬኑም በጭቃ ይይዛል። ካርቦኑ ራሱ ደግሞ ቀላል ነው፣ አይዝግም። ክረምቱ ረጅም በሆነበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ አለመዛግ ትንሽ ነገር አይደለም።

ግን ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ጥቅሞች አብዛኞቹ የመጡት ከጎማው፣ ከማርሹና ከፍሬኑ ነው። በአሉሚኒየም ወይም በብረት ግራቭልም ይገኛሉ። ካርቦኑ የሚጨምረው በዋናነት ቅለት ነው፤ በዚህ ዋጋ ደረጃ ከአሉሚኒየሙ ያለው ልዩነት አንድ ኪሎ ገደማ ቢሆን ነው። አንድ ሊትር ውኃ የያዘ ሰው ያተረፈውን ኪሎ መልሶ ተሸከመው። መድኃኒትና ሰነድ ኋላው ላይ ልጫን ቢል ደግሞ ብዙ የካርቦን ፍሬሞች የጭነት ገደብ አላቸው።

ትልቁ ጥያቄ ግን ሲሰበር ነው። ብረት ሲጣመም ይታያል፤ አሶሳ ያለ በያጅም ያቀናዋል። ካርቦን በድንጋይ ሲመታ ስንጥቁ ከቀለሙ ሥር ሊደበቅና አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ድንገት ሊለቅ ይችላል። ጥገናው ልዩ ሙያ ይጠይቃል። ከእሱ ጋር የሚመጣው የዘይት ፍሬንና ባለ 12 ማርሽ ቀጭን ካቴናም ሰፈር ካለ ጎሚስታ ዘንድ አይገኝም። ያኔ ሁለት መቶ ሺህ ብር ግድግዳ ተደግፎ ወንድም እስኪመጣ ይጠብቃል። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይህ ነው።

ካርቦን ቦታ የለውም ማለት አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ብስክሌተኞች አሰልፋለች። ፅጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ጎረቤት ኬንያ ዛሬ ዓለም አቀፍ የግራቭል ውድድር ታዘጋጃለች። ሰከንድ ለሚቆጥር ተወዳዳሪ ያቺ ኪሎ ዋጋ አላት። ተወዳዳሪ ግን ከኋላው መካኒክ አለው፤ የጾሬው ጤና ባለሙያ ያለው ራሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለወንድሙ እንዲህ ቢመልስ ይሻለዋል፦ «ግራቭሉን አምጣልኝ፣ ካርቦኑን ተወው። ብረት ወይም አሉሚኒየም ይሁን፤ ፍሬኑ በሽቦ የሚሠራ ይሁን። በተረፈው ገንዘብ ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ ካቴናና የፍሬን ሸራ ጨምርበት።»

ነገሩ የአንድ ልጅ ብቻ አይደለም። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. የእግረኛና የብስክሌት ጉዞን የሚያበረታታ የአሥር ዓመት ስትራቴጂ ይፋ አድርጓል። ስትራቴጂው አሶሳ ደረሰ የሚባለው የሳይክል ካቴና ከስኳርና ከሳሙና ጎን ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ የታየ ቀን ነው።