«ሰብለ አገኘችው ወይ?»

ወንድም ዓለም፣ የላክኸው ብር ግድግዳ ሆነ። ከአሮጌው ቤት ጎን ሁለት ክፍል በብሎኬት ቆሟል፤ አንዱ የእኔ ነው። ጠረጴዛ አለኝ፣ የጣውላ መደርደሪያ አለኝ፣ ከውስጥ የምቆልፈው በር አለኝ። መስኮቱ ወደ ጓሮ፣ ወደ እንሰቱ ይከፈታል። ድሮ መብራት ሲጠፋ በአንድ ሻማ ብርሃን አንድ መጽሐፍ ላይ ሁለት ራስ እናጋጥም ነበር። አንተ ፈጥነህ ታነብና ገጹን ትገልጥብኛለህ፤ እኔ «ቆይ እንጂ!» ብዬ እጅህን እመታለሁ። አሁን ማንም አይገልጥብኝም። እንዳሻኝ እዘገያለሁ፤ መዘግየቱ ግን አልጣመኝም።

ክፍሉን ሰጠኸኝ፤ የክፍሉን ሰው ወሰድህብኝ።

ውሎዬን ልንገርህ። ጠዋት ቆጮዬን በጎመን እበላና በዚያ በቀይ ጭቃ ወደ ትምህርት ቤት እሮጣለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሻለሁ። ከሰዓት ሂሳብና ፊዚክስ ነው፤ ማታ ግን የፈተናውን ወደ ጎን አደርግና የአንተን መጻሕፍት አነሣለሁ። የበዓሉ ግርማ አንድ ላይ ተደርድረዋል፤ «ከአድማስ ባሻገር»፣ «ደራሲው»፣ «ኦሮማይ»። አጠገባቸው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» አለ፤ ያ ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር ያጣበቅነው። የማነብበው ታሪኩን ብቻ አይደለም፤ በእርሳስ ያሰመርህበትንም ነው። እዚህ ጋ ምን አስገረመህ? እዚያ ጋ ለምን የጥያቄ ምልክት አደረግህ? መስመርህን እያየሁ እሟገትሃለሁ፤ የሚመልስልኝ የለም። በዓሉ «ኦሮማይ»ን በ1975 አሳትሞ፣ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ይህን የነገርኸኝ አንተ ነህ። ያኔ ያዘንሁት ለደራሲው ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና የሚሉትን፣ የቤቱን ሰዎች ያሰብኋቸው ግን አንተ ከሄድህ በኋላ ነው።

ያስኬደህን አላጣሁትም። በጥር 2015 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ፣ በአገር ምድሩ ከተፈተነው የነጥቡን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር። ያን ሁሉ መጽሐፍ የጨረስኸው ልጅ ከወደቀው ጋር ተቆጠርህ። ከሆሳዕና እስከ ሾኔ፣ ከዱራሜ እስከ አንጋጫ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሰው ያልሸኘ ጎረቤት ማን አለ? ደላላው መንገዱን በቃሉ ይወጣዋል፤ ሞያሌ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ። ዘሎ የሚያልፈውም አለ። በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ ከአንድ ኮንቴነር የወጡትን 64 አስከሬኖች ዘሎ ያልፋል። በታኅሣሥ 2015 ዛምቢያ፣ ሉሳካ ዳርቻ ተጥለው የተገኙትን የ27 ሰዎች አስከሬን ዘሎ ያልፋል። ያን ሰሞን እማዬ ሬዲዮኑን አጠፋችው። አንተ ሁሉን ሰምተህ ሄድህ።

መድረስህን አመሰግናለሁ፤ አለመኖርህን ግን ምን ልበለው?

ከተማችን ሆሳዕና ተለውጣለች። በ2015 ነሐሴ ላይ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆነች። ባጃጁ በዝቷል፣ ሕንፃው በዝቷል። የያሆዴ በዓል ሲደርስ የበዓሉ ምግብ አታካና ይቀርባል፣ ቅቤው ይፈስሳል፣ አጎቶች ከአዲስ አበባ ይገባሉ፤ እማዬም አንድ ድርሻ ለብቻ ታስቀምጣለች። የማን እንደ ሆነ ማንም አይጠይቃትም።

በሆስፒታላችን በር ሳልፍ የንግሥት እሌኒን ስም አነብባለሁ። ይቺ የሀዲያ ገራድ ልጅ ከዚህ ምድር ወጥታ የዘርዓ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት ገባች፤ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ ጻፈች። መልእክተኛዋ ማቴዎስ ይዞት በሕንድ በኩል ዞሮ ሊዝበን እስኪደርስ ዓመታት ፈጀ። የአንተ ድምፅ ከጆሃንስበርግ ስልኬ ላይ ለመድረስ አፍታም አይፈጅበትም። «ደህና ነኝ። ብሩ ደረሰ?» ትላለህ፤ በዚያው ያበቃል። የእሌኒ ደብዳቤ ዓመታት ቢዘገይም ሙሉ ነገር ነበረው። አንተ ሎኬሽን በምትሉት ሰፈር ውስጥ፣ በብረት ፍርግርግ ጀርባ ሱቅ ውስጥ ስትውል የምታነብበው አለህ? አንድ ቀን እንኳ አልነገርኸኝም።

አሁን ወደ እማዬ ልምጣ። ቆጮውን እያዘጋጀች ሳለ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በአማርኛ እያነበብህ በሀዲይሳ ትነግራት ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት የጎጃም ታሪክ በአንተ አፍ ሀዲያ ምድር ገባ። ጉዱ ካሳን «የእኛ ሰፈር ሰው ነው» አለችው፤ ፊታውራሪ መሸሻን ረገመቻቸው። በዛብህ ሰብለን ሲያስተምራት «አንተም እህትህን እንዲሁ ነው ያስተማርኻት» ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው፤ እኔን ፊደል ያስቆጠርኸኝ አንተ ነህ። ከዚያ በዛብህ ሸሸ። ሰብለም መነኩሴ መስላ ልትፈልገው ወጣች። እዚያ ጋ ገጹን አጥፈህ አስቀመጥህና ሄድህ።

እማዬ እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች፤ «ሰብለ አገኘችው ወይ?»

እኔ እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። አግኝታዋለች፤ ነገር ግን ያገኘችው መንገድ ላይ፣ ሊሞት ሲያጣጥር ነው። ይህን በምን አፌ ልንገራት? በዛብህ ባለች ቁጥር ማንን እንደምታስብ እያወቅሁ? «ገና ነው እማዬ፣ መንገድ ላይ ናት» እላታለሁ። በወሩ ደግማ ትጠይቀኛለች። እኔም ያችኑ ምስኪን ሴት መልሼ መንገድ ላይ አቆማታለሁ።

እና ወንድም ዓለም፣ በዚህ ወር ብሩ ይቅር። የቀሩትን ገጾች በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ልኬልሃለሁ። ማታ ሱቅህን ስትዘጋ አንብባቸው፤ እንደ ድሮህ ወደ ሀዲይሳ መልሰህ በድምፅህ ላክላት። አትቸኩል፣ አታሳጥር፣ ሞቱንም አትዝለል። የበዛብህን ነገር ከእኔ ከሰማችው መርዶ ይሆንባታል፤ ከአንተ አፍ ከሰማችው ታሪክ ነው።