ዘራፊ የናቀው ሌንስ

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅ ከተማ ሲደርስ አንድ ፎቶ ቤት ተዘረፈ። ካሜራው፣ ፍላሹ፣ ኮምፒውተሩ፣ መጋረጃው ሳይቀር ሄደ። የቀረው ባለቤቱ በደርግ ዘመን ይሠሩበት የነበረው የሩሲያ ዜኒት ካሜራ ብቻ ነው። መሬት ላይ ተጥሎ ተገኘ፤ ማንም አልፈለገውም።

ልጃቸው አነሣው። ካሜራው ሞቷል። ሄሊዮስ 44-2 ሌንሱ ግን ጭረት እንኳ አልነካውም። 58 ሚሊሜትር ነው፤ በጥርስ ተጠምዝዞ ይገባል፤ ሁሉ ነገሩ በእጅ ነው።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ዲጂታል ላይ ይሠራል።»

«ልጄ፣ በሰው መነጽር ታያለህ እንዴ?» ብለው ሳቁ።

መጀመሪያ ከጓደኛው በተዋሰው ኒኮን ላይ ገጠመው። አጠገቡ የቆመ ሰው ጥርት ብሎ ወጣ። ከሐይቁ ማዶ ያለው ተራራ ግን ቢያዞረው ቢያዞረው ጭጋግ ሆነ። ጥፋቱ የ1 ሚሊሜትር ነው። የዜኒት ሌንስ የተሠራው ከፊልሙ 45.46 ሚሊሜትር ርቆ እንዲቀመጥ ነው። የኒኮን አፍ ደግሞ ከሴንሰሩ 46.5 ሚሊሜትር ይርቃል። ስለዚህ ማገናኛው የቱንም ያህል ቢሳሳ ሌንሱ ቅርቡን እንጂ ሩቁን አያይም።

ውስጣቸው መስታወት የሌላቸው ሚረርለስ ካሜራዎች ሌላ ናቸው። የሶኒው ርቀት 18 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ 27.46 ሚሊሜትር ክፍተት ይተርፋል። አዳፕተር የሚባለው ይህን ክፍተት የሚሞላ ቱቦ ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አዲስ ሌንስ አልቀመስ ብሏል። ልጁ በዕቁብ ያገለገለ ሶኒ ገዛ፤ ለሌንስ የተረፈው ነገር አልነበረም። አዳፕተር ገጥሞ አምባሰል፣ ውጫሌ ሠርግ ሄደ። ሙሽራዋ ቁጭ ስትል ፎቶው ያምራል። እስክስታው ሲጀመር ግን ግማሹ ደበዘዘ፤ ሌንሱ ራሱ አያነጣጥርማ!

አባትየው ፎቶዎቹን አይተው አልተቆጡም። «በእያንዳንዱ እርምጃ አታሳደው። 5 ሜትር ላይ አድርገው፣ ቀዳዳውን 8 ላይ አጥበው። ከ4 እስከ 6 ሜትር ያለ ሁሉ ይጠራልሃል። እነሱ ወደዚያ እስኪመጡ ጠብቅ» አሉት።

የጎደለው ቀለበት ይህ ነበር። ሌንሱ ከነብረቱ ተርፏል፤ አጠቃቀሙ ግን ያለው እሳቸው ጋ ነው። ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

አሮጌውን ሁሉ ጣሉ የሚል አለ፤ የድሮው ይበቃናል የሚልም አለ። ክራር ከትዝታ ወደ አምባሰል ለመሄድ አዲስ ክር አይገዛለትም፤ ይቃኛል። ግን መቃኘት ልክ ማወቅ ይጠይቃል። «እንደምንም ይገጥማል» ማለት ተራራውን ጭጋግ ያደርገዋል።

ቁም ሣጥናችሁ ውስጥ የተረሳ ነገር ካለ ከመጣላችሁ በፊት ለኩት። ይሠሩበት የነበሩትንም ሰው፣ በሕይወት ካሉ፣ ዛሬውኑ ጠይቋቸው።